ቀዩ የሞተር ድራይቨር ቦርድ፦ በቤት ለሚሠራ የሞዴል ባቡር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ምን ያህል ይበቃል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ጥቁር አሉሚኒየም የቆመለት፣ መዳፍ የማይሞላ ቀይ ቦርድ በመስታወት ሥር ተደርድሮ ይታያል። ሻጮቹ «የሞተር ድራይቨር» ይሉታል፤ በላዩ የተበየደው ዋና አይሲ (ቺፕ) ኤል298ኤን ነው። አብዛኞቹ ገዢዎቹ ለመመረቂያ ሥራቸው ተንቀሳቃሽ ሮቦት የሚሠሩ የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። እኔ የገዛሁት ግን የሞዴል ባቡር ፍጥነት መቆጣጠሪያ በቤቴ ልሠራበት ነው። አምስት ወር ያህል ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሌላ ሰው ገንዘቡንም ባቡሩንም እንዳያበላሽ ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ቦርዱ ለሥራው ይበቃል፤ ነገር ግን ከሱቅ እንደወጣ በቀጥታ ከሐዲድ ጋር የሚታሰር ዕቃ አይደለም።

ባቡሩን ለልጆቼ ያመጣላቸው ጀርመን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። መጠኑ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ሲሆን የሚሠራውም እስከ 12 ቮልት በሚደርስ ዲሲ ነው። ይህ መጠን ለእኛ አካባቢ የተለየ ነገር አለው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ለ87 ሲካፈል የሚሰጠው 16.5 ነው። ስለዚህ ልጆቼ በአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ላይ የቦርከናን ሸለቆ ከነጣቢያው ሲሠሩ ሐዲዱ ከአገራቸው ሐዲድ ጋር በልኩ የገጠመ ነበር። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበረ በዚሁ ስሌት ከ11.5 ሚሊሜትር አያልፍም፤ እርሱን መሥራት የሚፈልግ ሰው ሌላ ዓይነት ሐዲድ ያስፈልገዋል።

ከባቡሩ ጋር የመጣው መቆጣጠሪያ ሁለት ክረምት እንኳ አልቆየም። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ከሶኬቱ ሳይነቀል በመቅረቱ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። በአካባቢያችን ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም፤ ከውጭ ለማስመጣት ስጠይቅም የመላኪያው ዋጋ ብቻ መቆጣጠሪያውን በቤት ለመሥራት በኋላ ካወጣሁት ጠቅላላ ወጪ በልጦ ተገኘ። የቦርዱ ዋጋ ከሱቅ ሱቅና ከወር ወር ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም፤ ይህ ንጽጽር ግን ለመወሰን የሚበቃ ይመስለኛል።

ወደ ቀዩ ቦርድ የመጣሁት በመጀመሪያው ሙከራዬ አይደለም። መጀመሪያ የሠራሁት ኤልኤም317 በሚባለው፣ ቮልቴጁ ከ1.25 ጀምሮ በሚስተካከለው ሬጉሌተር ነበር። ሥራው ቀላል፣ ዕቃውም ርካሽ ነው፤ ሁለት ጉድለት ግን አለበት። አንደኛው ሙቀት ነው። 12 ቮልት ገብቶ 4 ቮልት ሲወጣና ባቡሩ ግማሽ አምፔር ሲስብ፣ የቀረው 8 ቮልት በሬጉሌተሩ ላይ 4 ዋት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሁለተኛውና ልጆቼን ያበሳጫቸው የአነሣሡ ነገር ነው። ቮልዩሙን ቀስ እያሉ ሲከፍቱት ባቡሩ አይነቃነቅም፤ ጥቂት ሲጨምሩ ግን እንደ ደነገጠች በቅሎ ዘሎ ይነሣል። የቆመ ሞተር ለመነሣት ከሚሄድ ሞተር የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፤ በሐዲዱና በጎማ በሌለው መንኮራኩር መካከል የሚቀመጠው አቧራም ዝቅተኛውን ቮልቴጅ አላሳልፍ ይላል። ከጣቢያ ሲነሣ የሚንፏቀቅ ባቡር ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

መፍትሔው ቮልቴጁን ከማሳነስ ይልቅ መቆራረጥ ነው። ሙሉው 12 ቮልት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ የሚበራበት ጊዜ ከሚጠፋበት ሲያንስ ባቡሩ ይዘገያል፣ ሲበልጥ ይፈጥናል። እያንዳንዱ ምት በሙሉ ጉልበቱ ስለሚመጣ አቧራውንም ሰበቃውንም አልፎ ሞተሩን በጥቂት በጥቂቱ ይገፋዋል። ይህንኑ የሚሠሩ አንድ ቮልዩም ብቻ ያላቸው ትናንሽ ቦርዶችም ገበያ ላይ አሉ፤ እኔ ያየኋቸው ግን ባቡሩን ወደ ኋላ መመለስ አይችሉም፤ ለዚህም ሽቦውን የሚያገላብጥ ሌላ ማብሪያ ያስፈልጋል። የኤል298ኤን ብልጫ እዚህ ላይ ይጀምራል። በውስጡ የሞተሩን ሁለት ጫፎች በፈለግነው አቅጣጫ የሚያስሩ አራት አራት ትራንዚስተሮች ያሏቸው ሁለት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር እስከ 2 አምፔር ይሸከማል። የኔ ባቡር ስድስት ፉርጎ ጎትቶ ሲሄድ በቴስተር የለካሁት 0.4 አምፔር ያህል ስለሆነ አቅሙ ከበቂ በላይ ነው።

ቦርዱ ራሱ ምት አያመነጭም፤ የሚያመነጭለት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። ተማሪዎች አርዱዊኖ የሚባለውን በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ይጠቀማሉ፤ ለሚያውቀው ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን ኮምፒውተርም ፕሮግራምም የማይፈልገውን 555 መረጥኩ። ይህ አይሲ ሃንስ ካመንዚንድ የተባለው መሐንዲስ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላም በየሬዲዮ ጥገና ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ከ100 ኪሎ ኦም ቮልዩም፣ በግራና ቀኙ ከሚቆሙ ሁለት የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ ከሁለት ትናንሽ ዳዮዶችና ከአንድ ካፓሲተር ጋር ሲታሰር፣ ቮልዩሙ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ጊዜ ድርሻ ይወስናል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ በሴኮንድ ስንት ምት እንደሚኖር ይወስናል። ለ555 የሚያስፈልገው 5 ቮልት ከቀዩ ቦርድ ላይ ስለሚገኝ ሌላ ሬጉሌተር አያስፈልግም። መዘንጋት የሌለበት፣ የመስመሩ መክፈቻ በሆነው እግር ላይ ተሰክታ የምትመጣው ትንሽ የፕላስቲክ ድልድይ ተነቅላ ካልወጣች ቮልዩሙ ቢዞር ባይዞር ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት መሄዱን ነው። የመጀመሪያው ቀን ሙከራዬ በዚህ ምክንያት ባቡሩን ከኮምፔንሳቶው ጫፍ ሊጥለው ጥቂት ነበር የቀረው።

የምቱ ብዛት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ወሳኝ ሆኖ ስላገኘሁት በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሴኮንድ 140 ያህል ምት ይገኛል። ባቡሩ በዚህ ምት እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀ ተነሣ፤ ልጆቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። ሆኖም አካሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ነው። ካፓሲተሩን በ0.01 ስለውጠው ምቱ ወደ 1,400 ወጣ፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ በምትኩ ግን ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ባለቤቴም ከክፍሉ ወጣች። በ680 ፒኮፋራድ ወደ 20,000 ሳደርሰው፣ ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ የሚያበቃበት አካባቢ ስለሆነ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ደስታው ግን አልቆየም፤ ቮልዩሙ ከሲሶው በላይ ሳይዞር ባቡሩ አይነሣም፤ የአይሲው ሙቀትም ጨመረ። ምቱ ሲፈጥን የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ጅረቱን እያለዘበ ወደ ተራ ዲሲ ስለሚያስጠጋው የምቱ ጥቅም ይጠፋል። በዚህ ላይ በቦርዱ ላይ ያሉት ስምንት ዳዮዶች ኤም7 የሚባሉት ለመብራት ኃይል የሚሠሩ ዘገምተኛ ዳዮዶች ስለሆኑ ለእንዲህ ያለ ፍጥነት አይመቹም። በመጨረሻ በ0.047 ማይክሮፋራድ 300 ያህል ምት ላይ ረጋሁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ባቡሩም ከጣቢያው ሲነሣ የመጀመሪያው መንኮራኩር መዞሩን በዓይን መከተል ይቻላል። ጥቅል ሽቦው በብረት ላይ ለተጠመጠመ፣ የብረት እምብርት ላለው ሞተር ይህን እመክራለሁ።

አቅጣጫውን የሚወስኑት ሁለት እግሮች ናቸው። አንዱ 5 ቮልት ሌላው ዜሮ ሲሆን ባቡሩ ወደ ፊት፣ ሲገለባበጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሀል ላይ የሚቆም ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ተጠቅሜ፣ እያንዳንዱን እግር በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ዜሮ ሳብኩት፤ ማብሪያው መሀል ላይ ሲሆን ባቡሩ ይቆማል። ማብሪያው ከመዞሩ በፊት ቮልዩሙን ማውረድ ያስፈልጋል፤ እየሮጠ ያለን ባቡር በአንድ ጊዜ መገልበጥ የማርሾቹን ጥርሶች ይጎዳል።

አሁን ወደ ቦርዱ ጉድለቶች ልምጣ። የመጀመሪያው የሚበላው ቮልቴጅ ነው። አይሲው የተሠራበት የትራንዚስተር ዓይነት የቆየ ስለሆነ ከሚገባው ላይ የተወሰነውን ራሱ ያስቀራል። 12.1 ቮልት ሰጥቼው፣ ቮልዩሙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ባቡሩ ሲሄድ ሐዲዱ ላይ የለካሁት 10.3 ነው። ጅረቱ ሲጨምር የሚያስቀረውም ይጨምራል። ለሚንፏቀቅ ባቡር ይህ ምንም አይደለም፤ ባቡሩ የተሠራለትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚፈልግ ግን መነሻውን ወደ 14 ቮልት ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ያን ጊዜ በቦርዱ ላይ ያለው የ5 ቮልት ሬጉሌተር እንዳይጎዳ የራሱ ድልድይ ተነቅሎ 5 ቮልቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ድልድዩ እንደተሰካ እንዲቆይ የሚመከረው እስከ 12 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሻጮች ይህን አይናገሩም፤ ቦርዱም ላይ አልተጻፈም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ከሾርት የሚጠብቅ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። አይሲው ሙቀቱ ሲያልፍ ራሱን የሚዘጋበት መንገድ አለው፤ ድንገት ለሚመጣ ከፍተኛ ጅረት ግን ይህ አይደርስለትም። ለሮቦት ጎማ ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል። ባቡር ግን ሁለት የተራቆቱ ሐዲዶች ላይ ነው የሚሄደው፤ ፉርጎ በተንጋደደ ቁጥር፣ ልጅ ማንኪያ በጣለ ቁጥር ሁለቱ ይነካካሉ። የመጀመሪያው ቦርዴ የሄደው እንዲህ ነው፤ ፊውዝ አድርጌለት ነበር፣ ነገር ግን አይሲው ከፊውዙ ቀድሞ ተቃጠለ።

ሁለተኛውን ልገዛ ደሴ ስወጣ፣ ፒያሳ አካባቢ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና ያሳለፉ አንድ አባት ጋ ገብቼ የተቃጠለውን አሳየኋቸው። ቦርዱን አገላብጠው አይተው፣

«መምህር፣ የፍሬቻ አምፖል በመሀል ያስገቡበት» አሉኝ።

«አባባ፣ አምፖሉ ኃይሉን አይበላብኝም?»

«አብሽሩ። ሐዲዱ እስኪነካካ ድረስ አይነቃም። እኛ ሬዲዮ ጠግነን መጀመሪያ ስንከፍተው በ100 ሻማ አምፖል በኩል አይደል የምናበራው?»

ምክራቸው ትክክል መሆኑን በስሌትም በሙከራም አረጋግጫለሁ። በመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲበራ የሚያሳልፈው 1.75 አምፔር ነው፤ ይህም ቦርዱ በአንድ መስመር ከሚሸከመው 2 አምፔር በታች ነው። የአምፖል ክር ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ከአንድ ኦም በታች ስለሆነ ባቡሩ በደኅና ሲሄድ መኖሩም አይታወቅም። ሐዲዱ ሲነካካ ግን ክሩ ወዲያው ግሎ ተቃውሞው ወደ 7 ኦም ይወጣል፤ ጅረቱም እዚያው ይገታል። አምፖሉን ከቦርዱ ወደ ሐዲዱ በሚሄደው በአንደኛው ሽቦ ላይ አሠርኩት። አሁን ባቡር ሲንጋደድ የጣቢያው ቤት ጣራ ላይ ያቆምነው አምፖል ቦግ ይላል፤ ልጆቹም ፉርጎውን ሲያነሡ ይጠፋል። ፊውዝ መለወጥ የለም። ማንም ይህን ቦርድ ለባቡር የሚገዛ ሰው አምፖሉን በዚያው ቀን እንዲገዛ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከእኔ ቦርድ በላይ ልጆቹ ሲያለቅሱ ማየቱ ነበር የከበደኝ።

ሙቀቱን በተመለከተ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የጋለ አሉሚኒየምን በደካማው ያቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ አየሩ ቢወፍርም ሙቀቷ ይበልጣል። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ቦርዱን አፉ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። እኔ የተጠቀምኩት ጎንና ጎኑን በመሰርሰሪያ የበሳሁት የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ነው።

ስለ ግዢው አገልግሎትም መናገር አለብኝ። በጠቅላላው ሦስት ቦርድ ገዝቻለሁ። ሁለቱ እንደተገዙ ሠርተዋል፤ ሦስተኛው ግን አንደኛው መስመሩ ከመጀመሪያው ሞቶ የመጣ ነበር። የሸጠልኝ ሱቅ «ኤሌክትሮኒክስ ከወጣ አይመለስም» ብሎ አልቀበል አለኝ፤ ቅር ብሎኛል፤ ዕቃው ፕላስቲኩ እንደታሸገ ነበርና። ሌላ ሱቅ ደግሞ 43 አምፔር ይሸከማል የሚባለውን ቢቲኤስ7960 ያለበትን ትልቅ ቦርድ እንድወስድ መከረኝ። ለከባድ ሞተር ጥሩ ዕቃ ይሆናል፤ ለዚህ ባቡር ግን እንዲህ ያለ አቅም የሚጠቅመው የለም፤ ሾርት ሲመጣ ቦርዱ ዝም ብሎ ቀጭኑ ሽቦና መንኮራኩሩ ናቸው የሚቀልጡት። የሬዲዮ ጠጋኙ አባት ግን ቦርዱን ከመሸጣቸው በፊት በአንድ የአሻንጉሊት ሞተር ሁለቱንም መስመሮች ፊትና ኋላ አዙረው አሳዩኝ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። ገዢ ከማንም ሲገዛ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፤ የማያሳይ ሱቅ ካጋጠመው ወደ ሚቀጥለው ቢሄድ ይሻለዋል።

ኃይሉን በመጀመሪያ የወሰድኩት ከተበላሸ የዲሽ ሪሲቨር ከተረፈ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ነበር። የመብራቱ መሄድና መመለስ ከተደጋገመ በኋላ ግን ወደ ሞተር ሳይክል ባትሪ ዞርኩ፤ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ የ3 አምፔር ፊውዝ አስገብቻለሁ። በ0.4 አምፔር ለሚሄድ ባቡር ባትሪው ምሽቱን ሙሉ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም ልጆቹ በሻማ ብርሃን ያጫውቱታል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ከ12 ቮልት ጥቂት ስለሚያልፍ ቦርዱ የሚያስቀረውን በከፊል ይክሳል።

ሁሉም ባቡር ግን በዚህ ቦርድ አይነዳም። ብረት እምብርት የሌለው ቀላል ሞተር ያላቸው ውድ ባቡሮች በዝግተኛ ምት ይግላሉ፤ ለእነርሱ ያ የናቅሁት ኤልኤም317 ይሻላል። በእያንዳንዱ ባቡር ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበል አይሲ ያለባቸው ዲጂታል ባቡሮችም የራሳቸው መቆጣጠሪያ አላቸው፤ በተቆራረጠ ዲሲ ላይ ማስኬድ ውስጣቸውን ሊያበላሽ ይችላል። ባቡሩ የቱ ዓይነት መሆኑን ከካርቶኑ ወይም ከመመሪያው ማረጋገጥ ይቀድማል።

በቅርቡ የቦርዱን ሁለተኛ መስመር ለሁለተኛ ሐዲድ አውለነዋል፤ የራሱ 555፣ የራሱ ቮልዩምና የራሱ የፍሬቻ አምፖል አለው። አንድ ችግር ያየነው ሐዲዶቹ በሚገናኙበት መሻገሪያ ላይ ነው። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ታዝዘው ሳለ ባቡሩ መሻገሪያውን ሲረግጥ መንኮራኩሮቹ ሁለቱን መስመሮች ስለሚያገናኙ አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ስለዚህ ሁለቱን የአቅጣጫ ማብሪያዎች አውጥቼ ለሁለቱም መስመሮች አንድ ማብሪያ አደረግሁ፤ ፍጥነታቸውን ብቻ በየራሳቸው ቮልዩም ተውኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ባቡሮቹ መሻገሪያውን ሲያልፉ አምፖሎቹ በርተው አያውቁም።